ስም የሌለው ጃርት

«ይሄን የሳለው ማነው?»

ሰውዬው ስልኩን ደቅኖ፣ በነዋሪዎቹ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ ያነሳል። ቶሩን አንሶላዋን እንዳቀፈች የምድር ቤቱ በር ላይ ቆማ ገላመጠችው። ወረቀቱ ላይ አንድ ያኮረፈ ጃርት የወንድ ካልሲ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አፍንጫውን ይዟል። ከሥሩ «ተራህ ካለፈ ቆየ!» ይላል። በኖርዌይዋ ከተማ በትሮንድሃይም ጎረቤት ለጎረቤት ፊት ለፊት አይሰዳደብም፤ ነውር ነው። ስድቡን ጽፎ ይለጥፋል።

«አላውቅም» አለች። «ካልሲው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው...» ሳቀ። «ኤይቪን እባላለሁ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው የገባሁት። እንዲህ አምሮብኝ ተሰድቤ አላውቅም!»

መሳቅ አልፈለገችም፤ ሳቋ ግን አመለጣት።

ጃርቱን የሳለችው ራሷ ነበረች። ቀን ዓሣ መሸጫ ውስጥ ሳልመን ትቆርጣለች፣ ከሥራ መልስ ትስላለች፣ የሳለችውን አልጋ ሥር ትከታለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ! ሥራቸውን ኢንተርኔት ላይ የሚለጥፉ ሰዎች ያቅለሸልሿታል። በተለይ የአንደኛ ፎቋ ቪቤከ። ቪቤከ የበላችውን ገንፎ፣ የገዛችውን ብሩሽ፣ ገና ያልነካችውን ሸራ ሳይቀር ለሃያ ሺህ ሰው ታሳያለች። ሠዓሊ ነኝ ትላለች፤ ስዕሏን ግን ያየ የለም።

ኤይቪን የልጆች መጽሐፍ ጽፏል። አሳታሚው «ሠዓሊ ፈልገህ አምጣ» ብሎታል። እሁድ እሁድ ከቶሩን ጋር በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ጫካ ይገባሉ፤ ጉቶ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። አራት ወር እንዲህ አለፈ። ቶሩን ወደደችው፣ አልነገረችውም።

«ኢንተርኔቱን አገላብጬ ጨረስኩት» አላት አንድ እሁድ። «ለመጽሐፌ የሚሆነው ያ ጃርት ብቻ ነው። የሳለው ሰው ግን ስም የለው፣ ገጽ የለው...»

«ምናልባት እዩኝ ማለት የማይወድ ጨዋ ሰው ይሆናላ።»

«ጨዋ? ሱቁን ዘግቶ ገዢ አጣሁ የሚል ሰው ነው ጨዋ? ትዕቢተኛ ነው እንጂ!»

እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች። እዚያ አገር ግን ልጅ ገና አፉን ሳይፈታ «ከሰው እበልጣለሁ እንዳትል» እየተባለ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ዝም አለች፤ ዝምታዋንም ትሕትና ብላ ጠራችው። እንዲህ ያለ ትሕትና ጥንቅር ይበል።

ኤይቪን ቸግሮት የጃርቱን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈ። «ይህን የሳልክ ሰው፣ ወዴት ነህ?» ብሎ ጻፈበት። በሳምንቱ፣ ነዋሪው ሁሉ መጥረጊያ ይዞ ግቢውን በሚያጸዳበት የፀደይ ቀን፣ ቪቤከ ክንዱን ይዛ መጣች።

«ቶሩን፣ ሠዓሊዬን አገኘኋት!» አለ ደስታው ፊቱን ሞልቶት።

ቪቤከ ዓይኗን በጨው አጥባ «አዎ፣ እኔ ነኝ የሳልኩት» አለች። ቶሩን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ከዚያ እሱን።

«እንኳን ደስ ያለህ። የምትመጥንህን ነው ያገኘኸው።»

መጥረጊያዋን ጥላ ገባች። ክንዱን ይዛው ስታያት፣ ቪቤከ ልቡንም የወሰደችው መስሏት ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ቢያንኳኳም አልከፈተችለትም።

ቪቤከ የሳለችው ጃርት እሾህ የተሰካበት ድንች ሆኖ አረፈው። አሳታሚው ተሰላቸና መጽሐፉን ለራሱ ሠዓሊ ሰጠው። ቪቤከም «ለውስጥ ሰላሜ ስል ከሥራው ወጥቻለሁ» ብላ ከሻማ ፎቶ ጋር ለጠፈች።

ቶሩን አንብባው በሳቅ ፈረሰች። ቀጥሎ አለቀሰች። ያቺ ውሸታም በውሸቷ አደባባይ ስትወጣ፣ እሷ እውነቱን አልጋ ሥር ቀብራ ተቀምጣለች። ከሁለቱ የትኛዋ ትናቅ?

ስዕሎቹን አወጣች። መስኮቱ ሥር እየዘረጋች አርባ ሁለቱን ፎቶ አነሳች። ገጽ ከፈተችና ጻፈች፦ «ቶሩን ሃውግላን እባላለሁ። ጃርቱን የሳልኩት እኔ ነኝ። ሥራ እፈልጋለሁ።» ሦስት ዐረፍተ ነገር ቅዳሜዋን ሙሉ ፈጀባት።

ከለጠፈች ከአንድ ሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ኤይቪን ነበር፤ አልሳቀም።

«አራት ወር! ስፈልግ እያየሽኝ፣ ብርቱካኔን እየበላሽ...!»

«እዩኝ የሚሉትን ስለምንቅ ነው።»

«እኔንም ንቀሽኛል። መጽሐፉ እኮ ሄደ፣ ቶሩን!»

«አውቃለሁ...» አለች። «ንቀት አልነበረም። አይተው ቢንቁኝስ ብዬ ቀድሜ ናቅኋቸው። ፈሪ ነኝ። አንተንም እወድሃለሁ ማለት ፈርቼ...»

«ምን አልሽ?»

«እወድሃለሁ!»

ደረጃው አስተጋባ። የታች በሮች ሲከፈቱ ተሰማ። ግድ አልሰጣትም።

«ቪቤከስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ቪቤከን ለጃርቱ ነበር የፈለግኳት» አለ። «አንቺን ግን ያለ ጃርትም ነው።»

እቅፉ ውስጥ ገባች።

በዘጠነኛው ቀን ከቡዶ ከተማ የማታውቃት ሴት ጻፈችላት። ለሕፃናት ክሊኒክ ግድግዳ ስዕል ትፈልጋለች። ኤይቪን መልእክቱን ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበላት። በዚያው ዕለት ጣቷ በእርሳስ እንደጠቆረ፣ እሱን ተደግፋ የተነሳችውን ፎቶ ገጿ ላይ አደረገች።

በማግሥቱ እናቷ ከገጠር ደወሉ።

«ቶሩን! ከወንድ ጋር ተለጥፈሽ... መንደሩ ሁሉ አየሽ እኮ! ምን ይሉናል?»

ቶሩን የኤይቪንን እጅ ያዘች።

«ይዩኝ፣ እማዬ» አለች። «ይዩኝ።»