በሊቀመንበሩ ድምፅ

ማሚቶ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው። ነገር ግን የሰማችውን ድምፅ ሁሉ እንደ ገደል ማሚቶ ስለምትመልስ የሰፈሩ ሰው ማሚቶ አላት፤ ስሙም በዚያው ጸና። እናትና አባቷ ስለሞቱ ከአጎቷ ጋር፣ ከስብሰባ አዳራሹ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ትኖር ነበር።

አጎቷ የአዳራሹ የድምፅ ማጉያ ሠራተኛ ነበር። ውኃ የሚጠፋበት ቀን ሆነ፣ የክትባት ቀን ሆነ፣ የጠፋ ሕፃን ሆነ፣ ሁሉም በእሱ ማይክ ለሰፈሩ ይነገራል። አንድ የማይለቀው ደንብ ነበረው። ማስታወቂያ ሁሉ ሁለት ጊዜ ይነበባል። «ሥራ ላይ ያለ ሰው የመጀመሪያውን አይሰማም» ይል ነበር።

ማሚቶ ሰው ማሳቅ ትወዳለች። ሳቅ መልካም ነገር ነው ልጆች፤ እኔም እወደዋለሁ። የዳቦ ሻጩን ድምፅ ታስመስላለች፣ የመምህሯን ታስመስላለች፣ ከሁሉም በላይ ግን የሰፈሩን ሊቀመንበር። እሳቸው ከመናገራቸው በፊት ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ማሚቶ ይህን ስታደርግ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ልብስ ሰፊዋ እትዬ እንኳ ሥራቸውን አቁመው እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር።

በዚያ ሰሞን ግን ከሰፈሩ ሳቅ ጠፍቶ ነበር። መንገድ ሊሰፋ ነው፣ ቤት ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ ይናፈሳል። ምርጫ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሊቀመንበሩ «አንድም ቤት አይነካም» ብለው ቃል ገብተዋል። ተቀናቃኞቻቸው «ውሸታቸውን ነው» ይላሉ። የማንን ቃል ማመን እንዳለበት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አጎቷ ሽቦ ሊገዛ ወጣ። የማይኩን ክፍል አልቆለፈውም። ማሚቶን ያምናታላ!

የፀጉር አስተካካዩ ልጅ በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«ማሚቶ፣ ሊቀመንበሩን በማይክ አድርጊያቸው እስቲ!»

«ጋሼ ይቆጣኛል።»

«ፈሪ! አንቺ ቤት ውስጥ ብቻ ነው ጉራሽ።»

ፈሪ መባል ያንገበግባል፤ አይደል? ማሚቶ ማብሪያውን ተጫነችው። ድምፅ ማጉያው አሮጌ ስለነበር የገባበትን ድምፅ ሁሉ ጎርናና አድርጎ ነው የሚያወጣው።

«እህም! እህም! እህም! የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ቤት አፍራሾች እየመጡ ስለሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዕቃችሁን አውጡ!»

በመስኮት አየች። አንድ ሰውዬ ፍራሽ ተሸክሞ ሲሮጥ ሁለት ልጆቹ እያለቀሱ ይከተሉታል። አንዲት እናት ድስቶቿን በአንሶላ ጠቅልላ ትጎትታለች። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። «ቀልድ ነው» ብትል ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። እሷ ግን «ሁለት ጊዜ ነዋ የሚነበበው!» ብላ ደገመችው።

ልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያውን ሰምተው የስፌት መኪናቸውን የሚያወርድላቸው ሰው ይጠብቁ ነበር። ሁለተኛውን ሲሰሙ መታገሥ አቃታቸው። ከባዱን መኪና ብቻቸውን አቅፈው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። መኪናው አመለጣቸውና ቀኝ እጃቸውን ከግድግዳው ጋር ደፈጠጠው። ጩኸታቸው እስከ ማይኩ ክፍል ተሰማ። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ እግሬ አውጪኝ አለ። ማሚቶም አልጋዋ ሥር ገባች።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ከፖሊስ ጋር መጡ።

«ማይኩን ለማን ሰጠኸው? ተቀናቃኞቼ ናቸው አይደል የላኩህ?» አሉት አጎቷን።

«ለማንም አልሰጠሁም።»

«ታዲያ ማን ነው የተናገረው?»

አጎቷ የገዛውን ሽቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያዙትና ወሰዱት። ማሚቶ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አየች፤ አንድም ቃል አልተናገረችም።

በማግሥቱ ምሳ ይዛለት ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ልብሱ ተጨማድዶ፣ ፊቱ ገርጥቶ አገኘችው።

«ጋሼ፣ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አዎ። ከመንገድ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። እኔ አይደለሁ ያሳደግኩሽ?»

«ለምን አልነገርካቸውም ታዲያ?»

«አንቺ እስክትነግሪያቸው ነው የምጠብቀው» አላት።

ያን ዕለት ጸሎቷን ስታደርስ ከ«ጌታ ሆይ» በላይ ቃል አልወጣላትም። ሰኞ ጠዋት አዳራሹ በስብሰባ ጢም ብሎ ሳለ ገባችና «እኔ ነኝ የተናገርኩት» አለች።

«አጎትሽን ለማስፈታት ነው ይሄ! ደፋር!» አሉ ሊቀመንበሩ። «እውነት ከሆነ በይ እዚሁ አሳዪን!»

ፊት ለፊቷ ልብስ ሰፊዋ እጃቸው ተጠቅልሎ ተቀምጠዋል። ማሚቶ ማይኩን ያዘች። ሦስት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የተከበራችሁ ነዋሪዎች...» ያ ሁሉ ሰው ይስቅበት የነበረው ድምፅ ከአፏ ወጣ። ማንም አልሳቀም። አንድ ሕፃን እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀ። ማሚቶ እስከ መጨረሻው ተናገረችውና ማይኩን አስቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

አጎቷ በዚያው ቀን ተፈታ። ሥራው ግን አልተመለሰለትም፤ ክፍሉን ክፍት ጥሎ ሄዷል ተባለ። ዛሬ በገበያ ጆንያ ተሸካሚ ነው። ማታ ጀርባውን እያሸ ሲገባ ምንም አይላትም፤ እሷን የሚከብዳትም ይኸው ነው።

ማሚቶ ልብስ ሰፊዋ እግር ላይ ወድቃ «እትዬ፣ ይቅር በሉኝ» አለች።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ እትዬ። «አሁን ተነሽና ክሩን መርፌው ውስጥ አስገቢልኝ። እኔ አልቻልኩም።»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ቀጥታ ወደ እሳቸው ትሄዳለች። ክር ታስገባለች፣ ጨርቅ ትይዛለች። ግማሹ ደንበኛ ሌላ ቦታ ሄዷል። እግዚአብሔርም ይቅር እንዳላት አምናለሁ ልጆች፤ የእትዬ ሦስት ጣቶች ግን እስከ ዛሬ አይታጠፉም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ሰው የሚፈራውን ነገር መጫወቻ አታድርጉ፤ ካጠፋችሁም ሌላው በእናንተ ፈንታ ሳይቀጣ ቶሎ ተናገሩ።