ሰባት የታጠቡ ሸሚዞች

በታዝማኒያ፣ በሁዎን ወንዝ ዳር፣ የክረምቱ ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ሐሙስ ሐሙስ ሴቶቹ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰብስበው፣ ሰው የሰጣቸውን ፍላኔል ከሚባል ሞቃት ጨርቅ የተሰፋ አሮጌ ሸሚዝ እየቆረጡና እየገጣጠሙ ለአቅመ ደካሞች ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። መሪን የተቀላቀለቻቸው ለንደን ስምንት ዓመት ተምራ በተመለሰች በወሯ ነው። ብዙ አውቃ መጥታ፣ መርፌ መያዝ አታውቅም ነበር።

«ፍላኔል ሳይታጠብ መቀስ አይነካውም» አሏት የሴቶቹ አለቃ እትዬ ኦልዊን። «ይኮማተራል። ከተሰፋ በኋላ ቢኮማተር የማን ድሪቶ ነው ይሉናል?»

ስለዚህ አንድ ማለዳ በቤቷ በር ላይ ሰባት ሸሚዝ የያዘ ከረጢት ስታገኝ፣ ለስፌቱ የተሰጠ መስሏት ማንንም ሳትጠይቅ በፈላ ውሃ ሁለት ጊዜ አጠበቻቸው። በማግስቱ ቆራርጣ ጨረሰች።

በሦስተኛው ቀን ሮሪ መጣ። ፊቱን ብርድ ያቀላው፣ ረጅም፣ ከወንዙ ማዶ ፖም የሚያለማ ወጣት።

«አክስቴ ተሳስታ አንድ ከረጢት እዚህ ጥላ ነበር? የአባቴ ሸሚዞች ናቸው። እናቴ ነገር እየተረሳት ነው፤ መሞቱንም ትረሳለች። የእሱን ሸሚዝ ካላሸተተች እንቅልፍ አይወስዳትም።»

መሪን ከሸሚዞቹ እጅጌዋ ላይ የቀረውን ሰማያዊ ክር በመዳፏ ሸፈነች።

«እዚህ ምንም ከረጢት አልመጣም» አለች። ሳታስበው አምልጧት ነው። ቀጥላ የተናገረችውን ግን አስባበታለች፤ «አብሬህ ልፈልግ?»

ሦስት ሳምንት ፈለጉ። በአሮጌ መኪናው የልባሽ ጨርቅ መሸጫዎቹን ሁሉ አዳረሱ።

«ለንደን ሰው ሸሚዝ አይጠፋበትም?»

«ይጠፋበታል። አዲስ ይገዛል።»

«ይኼን ለመማር ነው ስምንት ዓመት የፈጀብሽ?»

ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ አለቀና ዓይኑ ፊቷ ላይ ቀረ። እሷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ደግ በሆነላት ቁጥር ውስጧን እሾህ ይወጋታል። ቤቷ ስትገባ የተቆረጠውን ትገጣጥማለች፤ ስፌቱ ሲያልቅ ድፍረቱም የሚመጣ ይመስላታል።

አንድ ቅዳሜ ድልድዩ ላይ እጇን ያዘ። «ሸሚዞቹ ባይገኙም አንቺን አገኘሁ» አላት።

ይኼንን መሸከም አልቻለችም። በማግስቱ ብርድ ልብሱን አቅፋ ቤቱ ሄደች።

እናቱ ጨርቁን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። «ሳሙና ነው» አሉና፣ የሰው ዕቃ እንደሚመለስ ሁሉ ብርድ ልብሱን በቀስታ መለሱላት።

ሮሪ የአባቱን ሸሚዝ ሰማያዊ መስመር ለየው።

«ሳላውቅ ነው ያጠብኩት» አለች መሪን።

«ማጠብሽንማ እረዳለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን ጎኔ ተቀምጠሽ፣ የቆረጥሽውን ሸሚዝ አብረሽኝ ፈለግሽ።»

«እንዳላጣህ ፈርቼ...»

«ሂጂ፣ መሪን።»

ብርድ ልብሱን እዚያው ትታ ወጣች። ሁለት ሐሙስ አንገቷን ደፍታ ሰፋች። በሦስተኛው እትዬ ኦልዊን በክርናቸው ነኳት። «ቀና በይ እንጂ ልጄ፤ የምትጠብቂው መጣ።»

ሮሪ ኮቱን በባዶ ካናቴራ ላይ ደርቦ ቆሟል። ገና አሁን ያወለቀውን ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ላብና ፖም ይሸታል።

«እናቴ ብርዱ ሲጠናባት ብርድ ልብሱን ደርባ ተኛች። ግን ያጥራታል፣ እግሯ ይወጣል። እኔንም በአባቴ ስም መጥራት ጀምራለች።» ሸሚዙን ወደ እሷ ገፋው። «ይኼን ቀጥይበት። እንዳታጥቢው።»

«ኧረ ይኮማተራል!» ጮኹ እትዬ ኦልዊን።

«ይኮማተር» አለች መሪን።

ሮሪ አልሄደም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ንዴቴ አልበረደም» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ቢሆንም መኪናው ውስጥ አጠገቤ ባዶ ሲሆን አልቻልኩም።»

መቀሱን አነሳች። እሱም የሸሚዙን እጅጌ ወጠረላት።