ከፋሲካ በኋላ የቀረው የታንጎ ጓደኛ

«ይቅርታ እህቴ፣ እግርሽን ረገጥሁት መሰለኝ!»

እንዳለው የሚባለው ወጣት ለሰብሌ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። መሰለኝ ይላል እንዴ? ትንሿን ጣቷን ጨፍልቆባት! ልትቆጣው ቀና ስትል ግን ግንባሩ በላብ ተጠምቋል፤ አጎንብሶ እግሯን ሊያይ ይከጅላል፣ መልሶ ያፍራል። ቁጣዋ እዚያው ጠፋ። ልቧም አብሮ ጠፋ።

ነገሩ የሆነው ላሊበላ ውስጥ፣ ቱሪስት ሲጠፋ በተዘጋ አንድ ሆቴል የምግብ አዳራሽ ነው። አዳራሹን እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚያስከፍቱት እማማ ይማርሽ ነበሩ። እማማ ይማርሽ ሃያ ሁለት ዓመት ቦነስ አይረስ በሰው ቤት ምግብ ሲያበስሉ ኖረው በስተርጅና አገራቸው የገቡ ሴት ናቸው። ከዚያ አገር ይዘውት የመጡት ሀብት ቢኖር ታንጎ የሚሉት የጥንድ ዳንስ ነው። ሰብሌን ያገኟት የምትሠራበት ፋርማሲ የጉልበት ቅባት ሊገዙ ገብተው ነው።

«ልጄ፣ ወገብሽ ቀጥ ያለ ነው። ይህን ወገብ የመድኃኒት መደርደሪያ ብቻ ይየው? እሑድ ነይ» አሏት። ሄደች።

እማማ ይማርሽ በታንጎ ቀልድ አያውቁም። ሙዚቃው ከመከፈቱ በፊት ተማሪው ሁሉ ቆሞ መምህራኑን ይጠራል። «እኔ ከእማማ ይማርሽ ተማርሁ። እማማ ይማርሽ ከልብስ ሰፊዋ ከኤልቪራ፣ ኤልቪራ ከአባቷ ከጫማ ሠሪው ከራሞን።» ሌላው እየሳቀ ይወጣዋል። እንዳለው ግን አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን አጣምሮ ነው የሚለው። የመሪጌታ ልጅ ነዋ! ዛሬ አስጎብኚ ቢሆንም ያደገው የኔታ እግር ሥር ነው፤ ለእሱ መምህር ከወላጅ አያንስም።

ሰብሌ ጥንድ የሆነችው ከእሱ ጋር ነው። በታንጎ ወንዱ በአፉ አያዝም። ደረቱ ትንሽ ወደ ፊት ሲል ሴቷ ያንን ሰምታ ወደ ኋላ ትራመዳለች፣ ዓይኗን ጨፍና። ሰብሌም ትጨፍናለች። ትንፋሹ ግንባሯ ላይ ሲያርፍ፣ መዳፉ ጀርባዋ ላይ እንዳትሰበር የፈራ ያህል ቀለል ሲል፣ ምነው ይህ ዘፈን ባላለቀ ትላለች። ዘፈን ግን ያልቃል። እንዳለው እጁን ቶሎ ይሰበስብና፣

«አመሰግናለሁ እህቴ» ይላል።

እህቴ! አንጀቷን ይቆርጣታል።

«እህት አለህ እንዴ?» አለችው አንድ ቀን።

«የለኝም» አለ መሬት መሬት እያየ።

እየሳቀች ተለየችው፣ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። የማይወዳት ቢሆን እኮ ለምን መሬት መሬት ያያል? የሚወዳት ከሆነስ ለምን እህቴ ይላታል? ይህን ጥያቄ እያመላለሰች ዓመት አለፈ።

የዘንድሮው ሁዳዴ ገባ። በጾም ሙዚቃ የለምና አዳራሹ ለሃምሳ አምስት ቀን ተዘጋ። ያን ጊዜ ነው ሰብሌ መናፈቅ ምን እንደሆነ ያወቀችው። የባጃጅ ድምፅ በሰማች ቁጥር እሱ የመጣ መስሏት በፋርማሲው መስኮት ታያለች። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ከነጭ ለባሹ መሃል የእሱን ትከሻ ትፈልጋለች፤ ታገኘዋለችም፤ እሱ ግን ከሩቅ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። ብቻዋን ስትሆን ዓይኗን ጨፍና ወደ ኋላ ትራመድና ጀርባዋን ከግድግዳ ታጋጫለች። እንዲህም መናፈቅ አለ!

በደብረ ዘይት ማግስት ፋርማሲው ድረስ መጣ።

«ምን ልስጥህ?» አለች።

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሚሆን ነገር አለሽ?»

«ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልሰጥም።»

«እሺ... እሺ እህቴ።»

ወጣ። እኔም እንቅልፍ የለኝም ብትለው ምን ነበረበት! አላለችም።

ፋሲካ ሆነ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ። ሰብሌ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ከሁሉ ቀድማ አዳራሹ ገባች። ተማሪው ሁሉ መጣ። እንዳለው አልመጣም።

«አትጠብቂው» አሏት እማማ ይማርሽ። «ለፋሲካ መጥቶ ጉልበቴን ስሞ፣ ከተማሪነት ያሰናብቱኝ አለኝ። አሰናበትሁት።»

«ለምን እማማ? ምን አልሁት?»

«ምክንያቱን እንዳልናገር ቃል አስገብቶኛል።»

ሰብሌ እንባዋን መያዝ አቃታት። «እንግዲያው እኔንም ያሰናብቱኝ!»

«አንቺን? አላሰናብትም! አንቺ ወደ ኋላ መራመድ እንጂ መጠየቅ ገና አልተማርሽም።»

ተግሣጽ መሰላት። በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ወላጆቿ ወዳሉበት ወደ ኮን ተነሣች። ታንጎም ይቅር፣ ላሊበላም ይቅር!

ጋሸና ላይ ወርዳ ሌላ መኪና እስክታገኝ ድረስ ሻይ ልትጠጣ አንድ ምግብ ቤት ገባች። ከመስኮቱ ሥር ሁለት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ የእንዳለው አባት መሪጌታ ተክለ ሚካኤልና አቶ ደሳለ የሚባሉ ጎረቤታቸው። በመካከላቸው እንዳለው! ሲያያት ብድግ አለ፤ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ሰብሌ!»

በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር።

«እህትህን ሳትሰናበት ወዴት ነው?» አለችው።

«እኔ እዚህ እጠብቃለሁ። ወደ ኮን የሚሄዱት እነሱ ናቸው።»

«ኮን ምን አላቸው?»

«አባትሽ።»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና አቶ ደሳለን አስከትለው ወደ ደጅ ወጡ።

«በአብነት ትምህርት ቤት የአንድ መምህር ተማሪዎች ወንድማማች ናቸው» አለ እንዳለው፣ ቃሉ እየተያያዘበት። «አንቺም የመምህሬ ተማሪ ነሽ። እማማ ይማርሽ አምነው እጅ ለእጅ አያያዙን። እዚያ ቆሜ ሌላ ነገር ማሰብ እሳቸውን መክዳት መሰለኝ። ግን አሰብሁ... በየእሑዱ አሰብሁ! አላስችል ሲለኝ ተሰናበትሁ።»

«ታንጎውን ለእኔ ብለህ ተውህ?»

«ለአንቺ ብዬ።»

ሰብሌ ሳቀችም አለቀሰችም። «አባቴን ታስጠይቃለህ፣ እኔንስ ማን ጠየቀኝ?»

«ፈራሁ።»

«ጠይቀኝ!»

«ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ። ታንጎውን ከተውህ ግን አላገባህም!»

ፊቱ በራ፣ ወዲያው ጨለመ። «የተሰናበተ ተማሪ ተመልሶ አይገባም ሰብሌ። መምህርን መናቅ ነው።»

ሰብሌ ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ እሱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እማማ፣ እንዳለውን ይመልሱልኝ!»

«ተማሪ አድርጌማ አልመልሰውም» አሉ እማማ ይማርሽ። «ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ ሲሰናበት ምን እንደሚሆን አባቱ አላስተማሩትም? መምህር ነው የሚሆነው! የእኔ ጉልበት አልቋል። መጠየቅ ከተማርሽ አንቺንም ዛሬ አሰናብቼሻለሁ። ሁለታችሁም ልታስተምሩ ኑ። ደግሞ ንገሪው፣ መምህሬ ኤልቪራ ባሏን ያገኘችው ከአባቷ ተማሪዎች መካከል ነው። ልነግረው ብል መቼ አስጨርሶኝ!»

እንዳለው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ከዚያም ወጥቶ የሰማውን ለአባቱ ነገራቸው።

ሰብሌ ሽማግሌዎቹን ተከትላ መኪና ልትገባ ብትል መሪጌታ አልፈቀዱም። «ሽማግሌ ከምትጠየቀዋ ልጅ ጋር ተሳፍሮ ሲሄድ አልሰማንም» ብለው ሄዱ። ሁለቱ ጋሸና ቀሩ። ጠረጴዛው በመካከላቸው፣ እጃቸው ሳይነካካ፣ መንገድ መንገዱን እያዩ ቆዩ። አንድ ዓመት ከሦስት ወር ከጠበቁት ይልቅ የዚያን ቀን ከሰዓት ረዘመባቸው።

ስልኳ ጮኸ። አባቷ አቶ ፈንታው ናቸው።

«ሰብሌ፣ ሰዎች መጥተውብሻል። ከቤት ወጥቼ ነው የምደውልልሽ። ልጁ ምን ይሠራል ብላቸው፣ አስጎብኚ ነው፣ ታንጎም ያስተምራል አሉኝ። ታንጎ ምንድን ነው?»

እንዳለውን አየችው።

«ሁለት ሰው ተቃቅፎ መራመድ ነው አባዬ።»

አቶ ፈንታው ከቤቱ ራቅ ሲሉ እርምጃቸው ተሰማ።

«ከመቼ ጀምራችሁ ነው የምትራመዱት?»

«ከአምናው ጥምቀት ማግስት ጀምሮ።»

«ብዙ መንገድ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው እየሳሳ። «ደክሟችኋል። እሺ ብያለሁ ልጄ፣ ነይ ቤትሽ ግቢ።»