ጎኑን የሰጠው ወንበር

ዘመነ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ ስቴሪዮው እንዳዞረ ነው። ከበር ላይ ሆኖ ያየው ሰው ማኅሌት እያዳመጠ እንቅልፍ የጣለው ይመስለው ነበር። ሚስቱ ሥራነሽም እንዲያ መስሏት «ተነሣ እንግዲህ፣ ምሳ ደርሷል» ብላ ትከሻውን ነቀነቀችው። ከዚያ በኋላ የጮኸችው ጩኸት ሰፈሩን በሙሉ ከማዕድ አስነሣው።

ኢንስፔክተር ጥሩብርሃን ስትደርስ ግቢው ነጠላቸውን ባዘቀዘቁ ሰዎች ሞልቷል። ኮንስታብል ዓለምነው ካቴናውን ከኪሱ አውጥቶ በር ላይ ይጠብቃታል።

«ነገሩ ያለቀ ነው ኢንስፔክተር» አላት። «ሚስትየው ናት። ባለፈው ሳምንት ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ‹ይህን ስቴሪዮ ከነባለቤቱ አቃጥለዋለሁ› ስትል ነበር። አዛዡም ከቀብሩ በፊት አምጧት ብለዋል።»

«ስቴሪዮው ተቃጥሏል?»

«አይ፣ እሱስ ደህና ነው።»

«እንግዲያው ካቴናውን ወደ ኪስህ መልሰው። ቀብሩ ነገ ነው። ያለ በቂ ምክንያት አንዲትን ሴት ከባሏ ቀብር ላይ አላስቀራትም።»

ጥሩብርሃን የዲማ አገር ልጅ ናት፣ ያውም የመሪጌታ። ወንድሞቿ ከአባቷ እግር ሥር ተቀምጠው ዜማ ሲማሩ እሷ እንስራዋን ከዜማ ቤቱ ግንብ ሥር አሳርፋ ከውጭ ትሰማ ነበር። ዜማውን ከእነሱ እኩል ብታውቀውም ሴት ናትና ማንም አልጠየቃትም። ቅናት ምን እንደሚመስል ሌላ ሰው እንዲያስረዳት አትፈልግም። አብሯት ያደገ ነው።

ሳሎኑ እንደ ማንኛውም የደብረ ማርቆስ ሳሎን ነው፤ ስቴሪዮው ግን የማንኛውም ቤት አልነበረም። ራሱ ቡፌው ላይ ጉብ ብሏል። ሁለት ጥቋቁር ስፒከሮች፣ ቁመታቸው የሰው ወገብ የሚደርስ፣ ግራና ቀኝ ጥጉን ይዘው ቆመዋል። ዳንቴላቸው ተገፍፎ ጥግ ላይ ወድቋል። ሁለት ወንበሮች አሉ። አንደኛው፣ ሟቹ የተቀመጠበት፣ ፊት ለፊት ይመለከታል። ሁለተኛው ግን እንደ አኩራፊ ሰው ለስቴሪዮው ጎኑን ሰጥቶ ተቀምጧል።

በሟቹ አንገት ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ስስ መስመሮች ይታያሉ። ዓለምነው የልብስ ማስጫውን ገመድና የከብቱን ጠፍር ሁሉ አምጥቶ ለክቷል፤ አንዱም አልገጠመም። ጥሩብርሃን ወደ ስፒከሮቹ ጀርባ ዞረች። ከስቴሪዮው የሚወጣው መንታ ሽቦ በትንንሽ ምስማር ግድግዳው ላይ ተይዟል። በግራ በኩል ያለው ምስማር ሁሉ በቦታው ነው። በቀኝ በኩል ግን ሽቦው ግድግዳውን ዞሮ በሟቹ ወንበር ጀርባ በሚያልፍበት ቦታ ምስማሮቹ ተነቃቅለው መሬት ላይ ወድቀዋል። የግራው ስፒከር ቀይ ሽቦ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ገብቷል። በቀኙ ቀዩ ከጥቁር፣ ጥቁሩ ከቀይ ነው። አየችና ቀና አለች።

ሥራነሽን ጓዳ ውስጥ አስቀምጠዋታል።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«እንዴት አልጣላው እትዬ? ክረምቱን ሙሉ የሠራሁትን ዳንቴል ለሁለቱም ስፒከሮች አለበስኩለት። ‹ድምፁን አፈነው› ብሎ እንደ ማድ ቤት ጨርቅ ወረወረው! ጠዋት ሲነሣ እሱን መወልወል፣ ማታ ሲገባ እሱን ማየት። እኔን ‹እንዴት ዋልሽ› ማለት ቀረ። ጣውንት ነው ያመጣብኝ፤ ያውም የማታረጅ ጣውንት።»

«ያ የዞረው ወንበርስ?»

የሥራነሽ ፊት ጠቆረ። «እሱንስ አይጠይቁኝ። ባቃናሁት ቁጥር ይቆጣኛል። ‹እንደ ነበር ተይው› ይላል። የማን ቦታ ነው ስለው ዝም። ደህና ነገር ቢሆን ለምን ይደብቀኛል? አንዷን ሊያስቀምጥበት ነው ብዬ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።» ከዚያ የምትናገረው ስለ ሞተ ሰው መሆኑ ትዝ ብሏት በነጠላዋ አፏን ያዘች።

ረፋዱን የዋለችው ከመንገዱ ማዶ፣ እማማ ወለተ ኪዳን ግቢ፣ ለማኅበር የሚሆን ምስር ስትለቅም ነው። አሮጊቷም ይህንኑ አሉ።

«ከአንድ ሰፌድ ነው የለቀምነው። ማኅሌቱም ከወዲያ ይሰማናል። ደህና ሲዘልቅ ቆይቶ ይቆራረጥ ጀመር። ያዜማል፣ ዝም። ደግሞ ያዜማል፣ ዝም። ሥራነሽ ‹ይሄው፣ ቁልፉን መነካካት ጀመረ› ብላ ሳቀች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተስተካከለ። ካሴቱ እስኪያልቅ ሰማነውና ምሳ ላቅርብለት ብላ ሄደች። ምሳ!» አሉና እማማ ወለተ ኪዳን አለቀሱ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም አወቀ ገበያው አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል። ቅዳሜ ገበያ ነበርና ረፋዱን ሙሉ ሰው ከብቦት ነው የዋለው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ቂሙ ግን ከልቅሶው ጋር አልወጣለትም።

«ስቴሪዮውን የገጣጠምኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሽቦውን የዘረጋሁ፣ ስፒከሮቹን ከወንበሩ አስተካክዬ ያቆምኩ እኔ። እንግዳ ሲመጣ ግን ‹እኔ ገጣጠምኩት› ይላል ጋሼ ዘመነ። ቀይና ጥቁሩን የማይለይ ሰው!»

«ቀይና ጥቁሩ ቢምታታ ምን ይሆናል?»

«እኔ ከገጠምኩት ቤት እንዲያ ከተገኘ ሙያዬን ልተው! መናገሩን ይናገራል፤ ግን አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ድምፁ ሆዱ ባዶ ይሆናል። ሁለት ጆሮ ያለው ወዲያው ያውቀዋል።»

«ካሴቱስ? ማን ቀዳው?»

አወቀ ሳይወድ በግድ ተነፈሰ። «ያንን አልነፍገውም፣ የራሱ ሥራ ነው። በማኅሌተ ጽጌ አንድ ማይክ በግራ ጌታው በኩል፣ አንድ ማይክ በቀኝ ጌታው በኩል አቁሞ ቀዳ። ግራው ሲያዜም ከግራ ስፒከር ይመጣል፣ ቀኙ ሲቀበል ከቀኝ። ዓይንዎን ከጨፈኑ ቅኔ ማኅሌት መካከል የቆሙ ነው የሚመስልዎት። አገሩ ሁሉ ያንን ሊሰማ ነው እዚህ የሚጎርፈው።»

መጨረሻ የሄደችው ወደ እንዳላማው ነው። አጥር የሚጋራ ጎረቤት፣ የዘመነ አብሮ አደግ። በሩ ላይ የተደረደሩ ድንጋዮች አሉ፤ ድሮ ሰው የእሱን ቴፕ ለመስማት ይቀመጥባቸው የነበሩ። አሁን ሣር በቅሎባቸዋል።

«ሠርግ የደገሰ ሁሉ ቴፕ የሚዋሰው ከእኔ ነበር» አላት ፈገግ ብሎ። «ዛሬማ ሰላምታውም በጥድፊያ ነው። ሰው ወደ ትልቁ ይሄዳል፤ ምን ይደረጋል።»

ጥሩብርሃን በቀኙ ቆማ አንድ ነገር ጠየቀችው። አልመለሰም። ከዚያ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየና ፊቱን አዙሮ ግራ ጆሮውን ሰጣት።

«ዛሬ ረፋድ ላይ የት ነበሩ አልኩዎት።»

«እዚህችው አጥሬ ሥር፣ ይህ ዱካ ላይ ተቀምጬ። ማኅሌቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት።»

«አልተቆራረጠም?»

«ኧረ ምን ተቆራርጦ! ግራው ሲል ቀኙ ሲቀበል፣ አንድም ሳይጎድል ዘለቀ። ዘመነ ደህና ነው ብዬ ነው የዋልኩት።»

«ቀኝ ጆሮዎን ምን ነካው?»

«የልጅነት ነገር ነው። በገና ጨዋታ ዱላ አገኘኝ።»

«የማን ዱላ?»

እንዳላማው የዱካውን እግር በጫማው ነካ ነካ አደረገ። «የዘመነ። አባቴ ‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› ብሎ ዝም አሰኘኝ። ዝም አልኩ።»

ወደ ሟቹ ቤት ስትመለስ ዓለምነው ተከተላት። «እንግዲህ አንደኛቸው ይዋሻሉ» አለ። «አሮጊቷ ተቆራረጠ ይላሉ፣ እሱ አልተቆራረጠም ይላል። ለሥራነሽ ብለው አሮጊቷ ሳይዋሹ አይቀሩም።»

«ሁለቱም የሰሙትን ተናግረው ቢሆንስ?» አለች ጥሩብርሃን። የዲማው ግንብ ትዝ ብሏት ነበር። እሷ ከውጭ ሆና ለግንቡ የቀረበውን ወገን ብቻ ትሰማ ነበር፤ ሲቀበሉት ዝም ይልባታል። ውስጥ የተቀመጡት ወንድሞቿ ግን ሁሉንም ይሰማሉ። ስንት ጊዜ በዚህ ተቃጥላለች!

ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ለግንዘት ተወስዷል። ሥራነሽ ከእማማ ወለተ ኪዳን ጎን ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ከዓለምነው ኪስ አይነሣም። እንዳላማው በሩ አጠገብ ቆሟል።

«አወቀ፣ የቀኙን ስፒከር ሽቦ ንቀልልኝ» አለች።

አወቀ ጎንበስ አለና ደነገጠ። «ይህን እንዲህ የገጠመው ማን ነው? ቀዩ ከጥቁር ገብቷል!»

«እሱን እንደርስበታለን። ንቀለውና ካሴቱን ክፈተው።»

ከበሮው ተመታ። የግራው ወገን አዜመ፣ ጸናጽሉ ተከተለ። ቀኙ ሲቀበል ግን ድምፁ ከግራው ስፒከር ሥር፣ በስሱ ብቻ መጣ።

«ቀኙ ምን ሆነ?» አለች ሥራነሽ። «ከጉድጓድ ውስጥ የሚያዜሙ ይመስላሉ።»

«የግራው ማይክ ከሩቅ የቀዳው ነው» አለ አወቀ። «ቤት ውስጥ ላለ ሰው ይሰማል።»

ጥሩብርሃን ወደ እንዳላማው ዞረች። «ለእርስዎስ?»

«ለእኔ ምንም አልተለወጠም። ግራውም ቀኙም ይሰማል።»

«ረፋድ ላይ እንደ ሰሙት ነው?»

«ልክ እንደዚያው።»

«መልካም። አወቀ፣ ድምፁን ሳትነካ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሰውና እንደገና ክፈተው። እኛ ወደ አቶ እንዳላማው አጥር እንሂድ።»

እንዳላማውን ራሱ ባመለከታት ዱካ ላይ አስቀመጠችው። ሌሎቹ ዙሪያውን ቆሙ። የሳሎኑ መስኮት እንደ ረፋዱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የግራው ወገን አዜመ፤ ጥርት ብሎ ተሰማ። ከዚያ ዝም። የጎረቤት ዶሮ ስታስካካ ሰሙ። ደግሞ ግራው አዜመ። ደግሞ ዝም።

«ይሄው! እንዲህ ነበር!» አሉ እማማ ወለተ ኪዳን።

የእንዳላማው ፊት አመድ መሰለ። ግራ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አስግጎ የቀኙን ወገን ጠበቀ። አልመጣም።

«ዘመነ የታነቀው በስፒከሩ ሽቦ ነው» አለች ጥሩብርሃን። «አንገቱ ላይ ያለው መስመር መንታ ነው፣ ሽቦውም መንታ ነው። ማኅሌት ሲሰማ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሽቦው ደግሞ በጀርባው ያልፋል። ገዳዩ ከስፒከሩ ነቅሎ፣ ከምስማሩ ቦጭቆ፣ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ መልሶ ገጠመው። መሣሪያው የጠፋብን ፊታችን ስለ ነበር ነው። ሽቦው ተነቅሎ በቆየበት ጊዜ የቀኙ ወገን ውጭ ላለ ሰው አልተሰማም። እማማ ‹ተቆራረጠ› ያሉት ያንን ነው። ሥራነሽ ያን ጊዜ አጠገባቸው ምስር ትለቅም ነበር። አወቀ ገበያ ላይ ነው፤ ቀይና ጥቁርም አያምታታም። ሁለት ጆሮ ያለው ገዳይ ቢሆን ደግሞ የገጠመው ሽቦ መምታታቱን ድምፁ ይነግረው ነበር። እርስዎ ግን አቶ እንዳላማው፣ ማኅሌቱን አንድም ሳይጎድል ሰምተዋል። እውነትዎን ነው። እዚህ ዱካ ላይ ሆኖ እንዲያ መስማት አይቻልም። እንዲያ የሚሰማው ከዘመነ ጋር ሳሎን ውስጥ ለነበረ ሰው ብቻ ነው።»

እንዳላማው ለመካድ እንኳ አልሞከረም።

«‹ሰማህ?› ይለኛል» አለ። «በሄድኩ ቁጥር አስቀምጦ ‹አሁን ግራውን ለየኸው? ቀኙንስ ሰማህ?› ይለኛል። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ራሱን ሲነቀንቅ ለእኔ አንድ ክምር ድምፅ ነው። ጆሮዬን የወሰደ ሰው! ሰዉን ከደጄ ወሰደ፣ ቻልኩ። ዛሬም ‹ሰማህ?› አለኝ። ‹ሰማሁ› አልኩት። ‹ውሸትህን ነው› አለና ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።»

ሥራነሽ ወደ እሱ ተጠጋች። የምትጮህበት መስሏቸው ሊይዟት ነበር።

«የት ነበር የሚያስቀምጥህ?» አለችው።

«እዚያ፣ የዞረው ወንበር ላይ።»

ሥራነሽ ዓይኗን ወደ ሳሎኑ መስኮት አዞረች። ካሴቱን አቁሞ ከቤት የወጣው አወቀ ይህን ሰማ።

«ጋሼ ዘመነ እኔንም ጠይቆኝ ነበር» አለ። «‹አንድ ጆሮ ብቻ ያለው ሰው ግራና ቀኙን ለይቶ የሚሰማበት ዘዴ የለም ወይ› ብሎኝ። ለማን እንደ ሆነ አልነገረኝም። ‹ወንበሩን እያዞርክ፣ ደህናውን ጆሮ ወደ ስቴሪዮው እያደረግክ ሞክር፤ ሰውየውንም ጠይቀው› አልኩት።»

እንዳላማው ከዱካው ላይ ተነሥቶ እንደገና ተቀመጠ።

«ለምን አልነገረኝም?» አለ። «አንዲት ቃል ብቻ… ለምን አልነገረኝም?»

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ተባለ» አለች ጥሩብርሃን። «ያልተቆጣን ሰው ደግሞ ይቅርታ የሚለው የለም።»

ዓለምነው ካቴናውን አወጣ።

በማግሥቱ ሥራነሽ ባሏን በወጉ ቀበረች። ለቀስተኛው ሲበታተን ብቻዋን ሳሎን ገባች። የስፒከሮቹን ዳንቴል አንሥታ አራግፋ አለበሰቻቸው። ከዚያ ያንን ወንበር ይዛ አቃናችው። ቆማ ጠበቀች፤ የሚቆጣት አጣች። ጥቂት ቆይታ እንደ ነበረው መልሳ አዞረችው።