ያሰረች እጅ

እታገኝን መጀመሪያ ያየኋት ከበበ ጀርባ ላይ ታዝዬ ነው።

ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነበር። እኔና ከበበ እሑድ እሑድ፣ የቀበሌው ስብሰባ ሲያበቃ፣ እንጦጦ ወጥተን በገመድ ገደል እንወጣ ነበር። አንዳችን ሲወጣ ሌላው ታች ቆሞ ገመዱን ይይዛል። ያን ቀን መሐል ላይ የጨበጥኩት ድንጋይ ተነቀለ። ገመዱ ከሞት አተረፈኝ፤ ቁርጭምጭሚቴ ግን ወለም አለ፣ የቀለበት ጣቴም ጅማት ተጎዳ። ከበበ አዝሎ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወጌሻዋ እማማ ብርቄ ቤት አደረሰኝ።

በሩን የከፈተችው ልጃቸው እታገኝ ነበረች።

«ማን ገፍቶት ነው?» አለችው።

«ማንም። ራሱ ወጥቶ ራሱ ወደቀ።»

«እንጨት ሊለቅም?»

«ለጨዋታ ነው» አልኩ።

ቁልቁል አየችኝ። «እናቶች ከዚያ ተራራ እንጨት ተሸክመው በሰላም ይወርዳሉ፤ አንተ ባዶ እጅህን ወጥተህ ተሰበርክ?»

እማማ ብርቄ እግሬን ዳስሰው አጥንት እንዳልተሰበረ ነገሩኝ። በቀዝቃዛ ውሃ ነክረው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ትራስ ላይ አሳረፉት። ዓይናቸው ስለደከመ ጣቴን ያሰረችው እታገኝ ናት። የታመመውን ከጤነኛው መሐል ጣቴ ጋር አጣምራ በነጠላ ቅዳጅ አሰረችው።

«ለምን ሁለቱን?»

«ብቻውን ከተተወ ይደርቃል» አለች ቀና ሳትል። «ጤነኛው ይዞት ይንቀሳቀሳል።»

እማማ ብርቄ ከወዲያ ሆነው «እዚህ ቤት የሚፈታው ያሰረ እጅ ነው። ራስህ እንዳትነካው» አሉኝ።

እብጠቱ ሲጎድል በምርኩዝ እነ እታገኝ ቤት መመላለስ ጀመርኩ። እግሬን እያንቀሳቀሰች ታሠራኛለች።

«ወደ ግራ... ቀስ። አትቸኩል፣ ጣውንቴ የትም አትሄድብህም።»

ጣውንቴ የምትለው ገደሉን ነበር። መጀመሪያ ስትለው ልቤ ዘለለ። ጣውንት አለኝ የምትል ሴት፣ ባሌ ነህ ማለቷ አይደል?

ደስታዬ ግን አልቆየም። በሄድኩ ቁጥር ከበበ ጓሮ ነው። ስደርስ ሳቃቸው ይቆማል። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ፤ እጁን እጇ ላይ አድርጎ ሁለቱም ጎንበስ ብለዋል። ያዘለኝ ጀርባ አስጠላኝ።

«ከበበ እዚህ ምን ይሠራል?» አልኳት።

«አንተን ሊጠይቅ ነው የሚመጣው።»

«እኔ የምገኘው ቤቴ ነው።»

«እንግዲህ መንገድ ጠፍቶት ይሆናል» ብላ ሳቀች።

እሑድ ምርኩዜን ይዤ ብቻዬን እንጦጦ ወጣሁ። እነሱ ሲስቁ ከማይ ያለ ገመድ ብወጣ ይሻለኛል አልኩ። ገደሉ ሥር ተቀምጬ የጣቴን ማሰሪያ በጥርሴ ስጎትት ድምጿን ሰማሁ።

«ተው! እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

እያለከለከች ነው። ገመዱ ትከሻዋ ላይ ነው። ከበበ ከኋላዋ አለ።

«እንግዲያ ከበበ ይፍታው» አልኩ።

ከበበ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። «ቤትህ ሄደን ብናጣህ ሮጠን መጣን። ወልደሰንበት፣ ፊትህን ያጠቆረው ቅናት ነው እንዴ? ጓሮ ይቺን የገመድ ቋጠሮ ሳስተምራት መዳፌ ተልጦ፣ ጭራሽ አንተ ታኮርፋለህ?»

እታገኝ የገመዱን ጫፍ በወገቤ አዙራ ቋጠረችው። ሳብኩት። አልላላም።

«ተው ብልህ እሺ ትላለህ» አለች። «ከዚያ ዕድሜህን ሙሉ ሽቅብ ስታይ ትኖራለህ፣ እኔም ስቀና። ገመዱን እኔ ልያዝልህ። ዛሬ አይደለም... ጣትህ ሲድን።»

«ከበበስ?»

«ከበበ ሚዜ ይሁን።»

ሆነም። ጣቴ ሲድን ማሰሪያውን ራሷ ፈታችው። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት ታች ቆማ ገመዴን ያዘች። አንድም ቀን አልለቀቀችኝም፤ በሽታ ነው ያስለቀቃት።

ለቅሶው ላይ ከበበ ከእኔ ይበልጥ አለቀሰ። ያን ጊዜም ቀናሁበት። ሰው ሲበተን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ገመድ አየ። ጫፉ ላይ የመጨረሻው ቋጠሮዋ አለ፤ ከወገቤ አውልቄ እንዳለ የሰቀልኩት።

«እንዲህ ከቆየ ይበሰብሳል» አለኝ። «ልፍታው?»

«ተወው። ያሰረችው እሷ ናት።»

እጁን ሰበሰበ። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።