የጠፋው የሠርግ ቀን

በጃፓን፣ በሜይጂ ዘመን በአምስተኛው ዓመት፣ በአሥራ አንደኛው ወር አጋማሽ፣ የኪዮቶ ጣሪያዎች ውርጭ ለብሰው ባደሩበት ማለዳ፣ በአዋጅ ሰሌዳው ላይ ያልታሰበ ነገር ተሰቀለ፤ የጨረቃው አቆጣጠር ተሽሮ የአሥራ ሁለተኛው ወር ሦስተኛ ቀን የአዲሱ ዓመት መባቻ እንዲሆን ታዘዘ፤ የወሩ የቀሩት ቀናትም እንዳልነበሩ ተቆጠሩ።

ጌንፓቺ የቀን መቁጠሪያ ቀራጭ ነበር። ዐርባ ዓመት ሙሉ የከርሞን ቀናት ዘንድሮ በማተሚያ እንጨት ላይ ሲቀርጽ ዓይኑ ደከመ፣ ጀርባው ጎበጠ። ጓደኞቹ፣ «የከርሞን ነገር ያወራ ሰው ጭራቅ ያስቃል ይባላል፤ አንተማ ጭራቁን በሳቅ ልትገድለው ነው!» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አሁን የታተመው ሁሉ የዓሣ መጠቅለያ ሆነ፤ እሱን ያስጨነቀው ግን ይህ አልነበረም፤ የአንድያ ልጁ የኦኑይ ሠርግ ለአሥራ ሁለተኛው ወር ለአሥራ ስምንተኛው ቀን ተቆርጦ ነበርና።

እኩለ ቀን ላይ የሙሽራው እናት፣ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠው ኦታኪ፣ ከተፍ አለች።

«ጋሽ ጌንፓቺ፣ የላክሁትን የማጫ ዕቃ ይመልሱልኝ። ቀኑን የመረጡት እርስዎ ነዎት፤ ሰማይ ደግሞ ቀኑን ነጠቀ። ከዚህ ወዲያ ምን ምልክት ልጠብቅ?»

«ሌላ ቀን እንቁረጣ፣ እትዬ።»

«ከየትኛው? አዲሱ መቁጠሪያ ደግና ክፉ ቀን አይለይም አሉ! ልጄን ያሱኬን ዓይኔን ጨፍኜ ልዳረው?»

ከመጋረጃው ጀርባ ኦኑይ ታዳምጣለች። ሁለት ዓመት ታጭታ ኖራለች፤ ዛሬ ማጫዋ ከተመለሰ ሌላ ጠያቂ እንደማይመጣላት አባትና ልጅ ያውቃሉ።

ጌንፓቺ የዘንድሮውን መቁጠሪያ ዘረጋ። ድግሱ እስኪሰናዳ ከአሮጌው አቆጣጠር የሚተርፈው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የአሥራ ሁለተኛው ወር ሁለተኛ ቀን። ከሥሩ በገዛ እጁ፣ «ሙሽራ ለመውሰድ ክፉ» ብሎ ቀርጿል። ኦታኪ ማንበብ አትችልም። «መልካም» ቢላት ነገሩ አበቃ! አፉን ከፈተ፤ ግን ስለ ቀን ዋሽቶ አያውቅም።

«ክፉ ነው ይላል» አላት፣ ድካም በሰበረው ድምፅ። «የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ግን ይስሙኝ፤ ኮከብ ቆጣሪዎች በወረቀት ጽፈው ያመጡልኛል፣ እኔ እንጨት እበሳለሁ፤ ሌላ የማውቀው የለም። ሚስቴን ያገባሁት ከዓመቱ ሁሉ በተመረጠው ቀን ነበር፤ ኦኑይን በወለደች በሰባተኛው ቀን ቀበርኳት። ስለ ነገ ከእርስዎ የተሻለ አላውቅም፣ እትዬ። አውቄም አላውቅ።»

ኦታኪ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ባሌ በጀልባ ወደ ኦሳካ የወረደው እርስዎ ለመንገድ መልካም ነው ባሉኝ ቀን ነው፤ ውሃው በላው» አለች። «አሥር ዓመት ሙሉ፣ 'ቀኑን አሳስቼ ነግሬው ይሆናል' እያልኩ ራሴን ስከስ ኖርኩ። ለካ እርስዎም አያውቁም ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ወይ እኔ!» ብላ ፊቷን በእጅጌዋ ሸፍና አለቀሰች። በመጨረሻ ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች። «በሁለተኛው ይሁን። ማጫውም ባለበት ይቀመጥ» ብላ ወጣች። ሁለተኛው ቀን ሲደርስ ኦኑይና ያሱኬ ሳኬ የተባለውን የጋብቻ የሩዝ ጠጅ ተጎነጩ።

ታሪክ የመዘገበው መንግሥት ዘመኑን ከባሕር ማዶ ዘመን ጋር ማስተካከሉን ነው፤ በተሰረዙት ቀናት ማን ሠርግ፣ ማን የሙት መታሰቢያ ቀጥሮ እንደነበር የጻፈ የለም። ኦኑይና ያሱኬ ዐርባ አንድ ዓመት በሰላም ኖሩ፤ ልጅ ወለዱ፣ የልጅ ልጅ ሳሙ። ጌንፓቺ ግን ከሠርጉ በኋላ በሕይወት በቆየባቸው ስድስት ዓመታት፣ ደጁ በተንኳኳ ቁጥር ከልጁ ቤት መርዶ የመጣ እየመሰለው ይደነግጥ ነበር።