የቀጭን ሰው ደም

ሾፌሩ ቸሩ በሰው አገር የወደብ ከተማ፣ ሃያብለ በሚባል ሰፈር በተከራያት የቆርቆሮ ቤት ሞቶ ሲገኝ፣ ጎረቤቶቹ ወዲያው ጣታቸውን ሚስቱ ላይ ቀሰሩ። የመጨረሻ ምግቡን የበላው ከእጇ ነበርና።

ኢንስፔክተር ሀጀራ ሬሳውን ትኩር ብላ አየችው። አማርኛውን የተማረችው ከድሬዳዋ ከመጣች እናቷ ነው። ሟቹ መቶ አርባ ኪሎ ይሆናል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ከጀርባው ትራስ ተደራርቧል። መተኛት አቅቶት ቁጭ እንዳለ ነው የሞተው። መርዝ አልመሰላትም።

«ትንፋሽ ያጥረው ነበር?»

«አራት ቀን ሙሉ፣ ማዳም» አለች ሚስቱ ስርጉት። «መጀመሪያ ክሊኒክ ሄዶ ከአፍንጫው ናሙና ሰጠ። ከዚያ አለቃው አቶ ወሰኑ ወረቀት አመጡለት፤ ክሊኒክ መተኛት አያስፈልግህም ይላል።»

ሀጀራ ወረቀቱን ይዛ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። ዶክተር ናዒማ መዝገቡን ገለጠች።

«ኢንፍሉዌንዛ ነበረበት። ማንን እንደምናስተኛ ስንወስን ሌፕቲንንም እናያለን፤ ከስብ የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ሲበዛ የሰውነትን መከላከያ እያዛባ የሳንባውን ጉዳት ሳያባብስ አይቀርም ብለን እያጠናን ነው። የቸሩ ግን ሦስት ብቻ ሆኖ ስላገኘነው ቤቱ ይረፍ አልን።»

«እርስዎ አይተውታል?»

«አላየሁትም። ደሙን የቀዳችው ነርሷ ናት።»

«መቶ አርባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ሌፕቲኑ ሦስት ይሆናል?»

የዶክተሯ እጅ መዝገቡ ላይ ቀረ። «አይመስለኝም» አለች ቀስ ብላ።

በማግስቱ ጠዋት ሀጀራ ስርጉትን፣ የጭነት ወኪሉን ወሰኑንና የቸሩን የሥራ ባልደረባ ሾፌሩን ቶላን ቢሮዋ ሰበሰበች። ወሰኑ ወንበሩን ሞልቶ ተቀመጠ። ስርጉትም ደንደን ያለች ናት። ቶላ ግን ሸሚዙ እንኳ ሰፍቶታል።

«ደሙ የተቀዳው ማክሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ነው» አለች። «በዚያው ሰዓት ቸሩ አሻራውን ሰጥቶ ወደቡ ገብቷል። ስለዚህ ደሙ የሌላ ሰው ነው፤ ያውም የቀጭን ሰው። የክሊኒክ ካርዱን ማግኘት ከምትችሉት ከእናንተ ከሦስታችሁ ቀጭን አንድ ብቻ ነው። ቶላ፣ ማን ላከህ?»

ቶላ የሸሚዙን እጅጌ ወደ ታች ሳበ። «አቶ ወሰኑ። ቸሩ መርፌ ይፈራል፣ ለመንገድ ፈቃድ ወረቀት ብቻ ነው ብለው የእሱን ካርድ ሰጡኝ።»

«ክሊኒኩ ለደም ምርመራ የደወለው ወደ እርስዎ ስልክ ነበር» አለች ወደ ወሰኑ ዞራ። «ለቸሩ ግን አልነገሩትም። ካስተኙት መኪናው እንደሚቆም ያውቁ ነበር።»

ወሰኑ ላቡን ጠረገ። «ጉንፋን ነው ብዬ ነው።»

«ሲታፈን ደውዬልዎት ነበር» አለች ስርጉት፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። «ወረቀቱን አላየሽም ወይ አሉኝ።»

ፖሊሶቹ ወሰኑን ይዘው ሲወጡ ቶላ ከወንበሩ አልተነሳም።

«ማዳም፣ የተመረመረው የራሱ ደም ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር?»

«አላውቅም» አለችው ሀጀራ። «ኦክስጅን ግን አጠገቡ ይሆን ነበር።»